የተያዘ ሴል የሚልካቸው መልእክቶች

(በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ከላቦራቶሪ ደጃፍ አልፎ የማይወጣ ይመስላል። ይኸውም የእንስሳት ሴሎች በፈንጣጣ ወገን ቫይረሶች በተያዙ ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚያወጧቸው ፕሮቲኖች ነው። ከእናንተ መካከል የሥነ ሕይወት ተማሪ ያልሆነው ወንድማችን «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል አንቀየመውም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰማን፣ ነገሩ ከአቃቂ ቃሊቲ የወተት ላሞች በረት ድረስ የሚደርስ፣ ከዚያም አልፎ በአንድ ቤት ውስጥ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛበትን ገንዘብ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ንግግራችን በአምስት ይከፈላል። አንደኛ ስለ ቫይረሱና አገራችን ከእርሱ ጋር ስላላት ትውውቅ፤ ሁለተኛ ሴሎች እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩበት መንገድ፤ ሦስተኛ ቫይረሱ ይህን ንግግር እንዴት እንደሚያበላሸው፤ አራተኛ ይህ ሁሉ በአቃቂ ምን ትርጉም እንዳለው፤ አምስተኛም ምን ማድረግ እንደሚገባን እንናገራለን።

፩. ስለ ቫይረሱ

የፈንጣጣ ወገን የምንላቸው ቫይረሶች ብዙ ናቸው። የሰው ፈንጣጣ፣ የላም ፈንጣጣ፣ የበግና የፍየል ፈንጣጣ፣ ማይክሶማ የሚባለው የጥንቸል በሽታ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሞያሌ መገኘቱ የተነገረው ኤምፖክስ፣ እንዲሁም ባለሙያዎች የቆዳ ጉርብርብ የሚሉት የከብት በሽታ፣ ሁሉም ከአንድ ቤተ ዘመድ ቫይረሶች የሚመጡ ናቸው።

እነዚህ ቫይረሶች ከሌሎቹ ጋር ሲተያዩ ግዙፎች ናቸው። አንዱን ሚሊሜትር ከሦስት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ቦታ ብንከፍለው የአንዱን ክፋይ ያህል ርዝመት አላቸው። ይህ ለእኛ ኢምንት ቢሆንም ለቫይረስ ትልቅ ነው። የጂናቸውም ብዛት እንዲሁ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያሉት ጂኖች ዘጠኝ ሲሆኑ፣ የሰው ፈንጣጣ ቫይረስ ጂኖች ግን ወደ 200 ይጠጋሉ። ከእነዚህ መካከል 90 የሚሆኑት የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ፈንጣጣ ቫይረሶች ሁሉ ዘንድ የሚገኙ ናቸው፤ ሥራቸውም በአብዛኛው ቫይረሱን መገንባትና ማብዛት ነው። እንግዲህ የቀሩት ለምን ያገለግላሉ? ቫይረስ ሸክም አያበዛም፤ የተሸከመው ሁሉ የሚጠቅመው መሆን አለበት። የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ ትርፍ ስለሚመስሉ ጂኖች ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አገራችን ፈንጣጣን በስም ብቻ ያወቀች አይደለችም። ፊታቸው ላይ ጠባሳውን የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። አባቶቻችንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሕመሙ ከቀለለለት ሰው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው በመቀባት፣ ታላቁን በሽታ በትንሹ ለመከላከል ይሞክሩ ነበር። ይህ ዘዴ አደገኛ ነበር፤ የተበጣው ሰው አንዳንድ ጊዜ በጽኑ ይታመማል፣ ለሌላውም ያስተላልፋል። ነገር ግን ከበስተ ኋላው ያለው አሳብ ትክክለኛ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በእ.ኤ.አ. 1971 ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የጤና ሠራተኞቻችንና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግር፣ በበቅሎ፣ መንገድ በሌለበትም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ፣ ሕመምተኛ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ዙሪያውን እየከተቡ በሽታውን አጠሩት። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነበር። በዓለም ደግሞ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ መርካ ከተማ ተገኘ። የዓለም የጤና ጉባኤም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አስታወቀ።

ያ ድል የተገኘው ቫክሲንያ በሚባል ሕያው የክትባት ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የፈንጣጣ ዘመድ ሲሆን ጉዳቱ ግን ቀላል ነው። በሽታው ከጠፋ በኋላም ቫክሲንያ በየላቦራቶሪው ቀረ። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገርባቸው ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የታወቁት ይህን ቫይረስ በመመርመር ነው። ስለዚህ ፈንጣጣ ከሄደ በኋላ እንኳ ማስተማሩን አልተወም።

፪. ሴሎች እንዴት ይነጋገራሉ?

ሴል በግንብ ውስጥ እንዳለ ጡብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ዘወትር ይናገራል፣ ዘወትርም ይሰማል። ቃሉ ፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ፕሮቲን ሠርቶ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ፕሮቲኑም በፈሳሽ ውስጥ ተጉዞ የሌላውን ሴል ገጽ ሲነካ፣ በዚያ የቆመ ተቀባይ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል። ይህን ተቀባይ የሴሉ ጆሮ እንበለው። ጆሮው ሦስት ክፍል አለው፤ ከውጭ ሆኖ የሚሰማ፣ የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ከውስጥም ሆኖ የተሰማውን የሚያደርስ ክፍል። ሦስቱም ካልተባበሩ መልእክቱ አይደርስም። ይህን ነገር አደራ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሴል በቫይረስ ሲያዝ ከሚያወጣቸው ቃላት የመጀመሪያው «ተጠንቀቁ» የሚል ነው። ይህ የታወቀው፣ ልብ በሉ፣ በፈንጣጣ ወገን ቫይረስ አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ናጋኖና ኮጂማ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት በጨረር የተገደለ የቫክሲንያ ቫይረስ በጥንቸል ቆዳ ውስጥ ቢጨምሩ፣ በኋላ የገባው ሕያው ቫይረስ በዚያ ቦታ እንዳይበዛ የሚከለክል አንድ ነገር ከቆዳው ውስጥ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ አይዛክስና ሊንደንማን የተባሉ ሊቃውንት በለንደን በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስና በዶሮ ዕንቁላል ሽፋን ሲሠሩ ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ኢንተርፌሮን ብለው ሰየሙት። ኢንተርፌሮን የተያዘው ሴል ለጎረቤቶቹ የሚልከው ጥሪ ነው። ላኪው ራሱ ላይድን ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ይህን ቃል ሲሰማ በሩን ይዘጋል፣ የቫይረሱ ፕሮቲን በውስጡ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ሌሎችም ቃላት አሉ። ኢንተርሉኪን 1 የሚባለው እስከ አንጎል ደርሶ ትኩሳት ያስነሣል። ኬሞካይን የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችን «ወደዚህ ኑ» ብለው ይጠራሉ። ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለው እብጠትና ቁጣ ይቀሰቅሳል፤ የታመመውንም ሴል እስከ መግደል ይደርሳል። ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ የዕርቅ ቃል ነው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ሠራዊቱ የገዛ አገሩን እንዳይዘርፍ «በቃ፣ ተመለሱ» ይላል። ከእነዚህ ሌላ በደማችን ውስጥ ኮምፕልመንት የሚባል የዘበኞች ጭፍራ ይዞራል። ባዕድ ገጽ ሲያይ ይለጠፍበታል፣ ይበሳዋል፤ የራሳችን ሴሎች ግን የማለፊያ ማኅተም ስላላቸው አይነካቸውም።

፫. ሐሰተኛው ደብዳቤ

እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985 ልዩ ልዩ ተመራማሪዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳተሙ። በቫክሲንያ የተያዙ ሴሎች በሚኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ፣ የሰውነት ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙ ከሚያዘው የእድገት ፕሮቲን ጋር እጅግ የሚመሳሰል ፕሮቲን ተገኘ። የጂኑ ባለቤት ግን ቫይረሱ ነበር። ሴሉ የማተሚያ ቤት ብቻ ነበር፤ ጽሑፉን ያቀረበው ሌላ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ተኝቶ ከሚኖር ሴል ይልቅ በእድገት ላይ ያለ ሴል ለቫይረሱ የለማ እርሻ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ገና ያልደረሰባቸውን ጎረቤቶች አስቀድሞ በደብዳቤ ያስነሣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ይህ ጂን የተነቀለበት ቫይረስ በእንስሳት ላይ ኃይሉ ደከመ። ሊቃውንቱ እንደሚያምኑት፣ ቫይረሶቹ ከእነዚህ ጂኖች ብዙዎቹን በረጅም ዘመን ውስጥ የወሰዱት ከሚያጠቋቸው እንስሳት ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንደሚባለው፣ ቫይረሱ የሚያርስበትን ሞፈር የቆረጠው ከእኛው ደጃፍ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ከመጀመሪያው የረቀቀ ነው። ስለ ሴል ጆሮ ሦስት ክፍሎች የተናገርነውን አስታውሱ። ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ተመራማሪዎች በማይክሶማና በቫክሲንያ ውስጥ የተቀባይ ጂኖችን አገኙ፤ የቲ.ኤን.ኤፍ.ን፣ የኢንተርፌሮንን፣ የኢንተርሉኪን 1ን ተቀባዮች የሚመስሉ። ነገር ግን በእነዚህ ውስጥ ያለው የጆሮው የውጭ ክፍል ብቻ ነው። የሚያደርሰው የውስጥ ክፍል የለም። የተያዘው ሴል ይህን ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቀዋል። እንግዲህ ራስ የሌለው ጆሮ በመንገድ ላይ ይንሳፈፋል ማለት ነው፤ መልእክተኛ ሲያልፍ ይይዘዋል፣ ይሰማዋል፣ ለማንም ግን አይናገርም። «ተጠንቀቁ» የሚለው ቃል ተልኳል፤ የደረሰለት ግን የለም።

ይህ በምኞት የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ሥራ አይጦችን በሁለት ዐይነት ቫክሲንያ አስያዘ። አንደኛው የኢንተርሉኪን 1 ሐሰተኛ ጆሮ ያለው፣ ሁለተኛው ያ ጂን የተነቀለበት ነበር። ጆሮው ባለበት ቫይረስ የተያዙት አይጦች ትኩሳት አልተነሣባቸውም፤ ጆሮው በተነቀለበት የተያዙት ግን ተኮሱ። ትኩሳት የሰውነት ደወል ከሆነ፣ ቫይረሱ የደወሉን ገመድ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ የማኅተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮትዋልና ሞስ የተባሉ ሊቃውንት፣ በቫክሲንያ የተያዙ ሴሎች ወደ ውጭ የሚያወጡት አንድ ፕሮቲን፣ ከላይ የጠቀስነውን የኮምፕልመንት ማለፊያ ማኅተም እንደሚመስል አሳወቁ። የሰው ፈንጣጣ ቫይረስም ተመሳሳይ ፕሮቲን አለው። ሁለቱ የሚለያዩት በ11 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ምርመራ፣ የፈንጣጣው ፕሮቲን ከኮምፕልመንት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱን በሰው ዘንድ ከቫክሲንያው መቶ እጥፍ ያህል አብልጦ ሲያከሽፍ ተገኘ። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው አንዲት ፊደል ሲያስተካክል ወረቀቱ ይበልጥ እንደሚታመን፣ ፈንጣጣም ማኅተሙን በሰው ልክ ቀርጾት ነበር።

መልእክተኛ የሚመስሉትን ፕሮቲኖች ቫይሮካይን፣ ጆሮ የሚመስሉትን ቫይሮሴፕተር ብለው ሰይመዋቸዋል። ስማቸውን ብንረሳ አይጎዳንም፤ ሥራቸውን ግን እንያዝ። ደግሞም አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። «ቫይረሱ ያታልላል፣ ይሰርቃል» ስንል በምሳሌ መናገራችን ነው። ቫይረስ አሳብ የለውም። የሆነው ነገር እንዲህ ነው፤ እንዲህ ያለ ጂን የያዘው ቫይረስ ካልያዘው ይልቅ ብዙ ልጆች ስላፈራ፣ በረጅም ዘመን ውስጥ የያዘው ጸና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዋናውን እናውጣ። እነዚህ ፕሮቲኖች ለቫይረሱ የሚያተርፉለት ምንድን ነው? መልሱ በአንድ ቃል ጊዜ ነው። ሰውነት በመጨረሻ የገዛ ፀር የሆኑ ነጭ የደም ሴሎችንና አንቲቦዲን ያዘጋጃል፤ ለዚህ ግን ቀናት ያስፈልጉታል። ትኩሳቱ ሲዘገይ፣ ጥሪው ሲታፈን፣ ዘበኛው ሲታለል፣ ቫይረሱ እነዚያን ቀናት ለራሱ ይወስዳል። የጦርነቱ ውጤት በነዚህ ጥቂት ቀናት ይወሰናል።

፬. በአቃቂ

አሁን ከላቦራቶሪ ወጥተን ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንሂድ። ከከተማችን ደቡብ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ጀርባ፣ በመረሬው መሬት ላይ በየግቢው ሁለትና ሦስት የወተት ላም የሚያረቡ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ላሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀሉ ናቸው፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና አተላ ይበላሉ፤ ወተታቸውም በማለዳ ለጎረቤትና ለሻይ ቤት ይከፋፈላል። ክረምቱ ሲያልፍና ረግረጉ ሲሞቅ ደግሞ ተናካሽ ዝንብና ትንኝ ይፈላል።

የቆዳ ጉርብርብ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ በሽታ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1929 ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ነው። በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በመላው አገር ተዛምቷል። ቫይረሱን ከላም ወደ ላም የሚያደርሱት በዋናነት ደም የሚመጡ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ናቸው። ላሟ ትተኩሳለች፤ ንፍፊቷ ያብጣል፤ ዐይኗ ያነባል፤ ከዚያም ከአንገት እስከ ጡት ድረስ ቆዳዋ ላይ ጠንካራ እብጠት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ወተቱ ይነጥፋል፣ እርጉዟ ልትጨነግፍ ትችላለች፣ ኮርማው ለጊዜው ይመክናል፣ ቆዳውም ዋጋ ያጣል። በተለይ የፈረንጅ ዝርያ ያለባቸው ላሞች ከአገር ላሞች ይልቅ በብርቱ ይታመማሉ። በሁለት ላም ለሚተዳደር ቤት የወተት መንጠፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻንም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህ ቫይረስ የጂን ዝርዝር በሙሉ ታትሞ ነበር። 156 ጂኖች ተቆጠሩ። በእነዚህም መካከል ምን ተገኘ? የእድገት ፕሮቲንን የሚመስል አለ፤ የኢንተርሉኪን 1ንና የኢንተርፌሮንን ተቀባይ የሚመስሉ አሉ፤ ከሁሉም የሚያስገርመው ኢንተርሉኪን 10ን፣ ያን የዕርቅ ቃል የሚመስል አለ። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር «ዕርቅ ሆኗል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» የሚል አዋጅ መያዙ ነው። በቫክሲንያና በጥንቸል በሽታ ላይ የተጠናው ሁሉ እንግዲህ በአቃቂ በረት ውስጥ ዘመዶች አሉት።

ባለፈው ዓመት ከክረምት በኋላ ከመካከላችን ጥቂቶች ወደዚያ ወርደን በየግቢው እየገባን ባለ ከብቶችን ጠይቀን ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ላማቸውን በገመድ ይዘው እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ንገሩኝ። የጎረቤቴ ላም ስትታመም እኔ ሮጬ የእኔን አስከተብሁ። በሳምንቷ አበጠች። መርፌው ነው ያመጣባት ወይስ ዕድሌ? የሚመጣው ዓመት ላስከትብ ወይስ ልተው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኒህ እናት የጠየቁት በጽሑፍ ፈተና ቢመጣብን ብዙዎቻችንን የሚያስቸግር ነው። ደግሞም የጥያቄው መልስ ለእርሳቸው የነጥብ ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

መልሳችን እንዲህ ነበር። «እናታችን፣ ቫይረሱ ወደ ላም ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 28 ቀን ይቆያል። የጎረቤትዎ ላም ስትታመም ዝንቡ የእርስዎን ቀድሞ ነክሷት ይሆናል። ክትባቱም በተወጋች ማግስት አይጋርዳትም፤ ሰውነቷ ሊዘጋጅ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የእርስዎ መርፌና የዝንቡ መርፌ ተሽቀዳድመው ዝንቡ ቀድሞ ይሆናል» አልናቸው። ወንድሞችና እኅቶች፣ ከላይ የተናገርነው ሁሉ ወደዚህ የሚመጣ ነው። ሐሰተኛው ጆሮና ሐሰተኛው አዋጅ ለቫይረሱ ቀናት ያተርፉለታል። ክትባት ደግሞ እነዚያን ቀናት ለላሟ አስቀድሞ መስጠት ነው፤ ሰውነቷ የጠላቱን ገጽ አስቀድሞ ካወቀው ጥሪው በመንገድ ቢታፈን እንኳ ጥሪ ሳይጠብቅ ይነሣል። በሽታው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ግን የምንሰጣት ቀን የለንም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ለእኒህ እናት እውነቱን ግማሹን ብቻ ነግረን ብንመለስ ኖሮ ተማሪ መባል አይገባንም ነበር። ክትባት ሁሉ አንድ አይደለም። ከቢሾፍቱ በእ.ኤ.አ. 1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለአገሪቱ ከብቶች ክትባት የሚያመርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ሦስት የክትባት ዐይነቶችን ሲያወዳድር፣ ኒትሊንግና የኬንያ በግና ፍየል ፈንጣጣ የሚባሉት ሁለቱ በተሞከሩበት ሁኔታ ላሞቹን ከበሽታው ሳይጋርዱ ቀሩ፤ ጎርጋን ከሚባል የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ የተሠራው ግን የተከተቡትን ጥጆች ከሕመም ምልክት ጠበቀ። በሌላ በኩል በባልካን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016ና በ2017 በኒትሊንግ ዐይነት ክትባት ከብቱን ሁሉ በዘመቻ በመከተብ በሽታውን አስቆሙት። አንዱ ዐይነት በአንዱ አገር ሲያሸንፍ በሌላው ለምን ተሸነፈ? የክትባቱ ዘር፣ የአያያዙ ቅዝቃዜ፣ የተሰጠው መጠን፣ የተሰጠበት ጊዜ፣ ሁሉም ሊጠየቅ ይገባዋል። ባለ ከብቱ «መርፌው አይሠራም» ሲል ሁልጊዜ ከድንቁርና የተነሣ ነው ብሎ ማሰብ የተማረ ሰው ትዕቢት ነው። አንዳንድ ጊዜ ባለ ከብቱ በዐይኑ ያየውን ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ የፕሮቲኖቹ ዕውቀት ሁለተኛ ጥቅሙን ያሳያል። ኤም.ቪ.ኤ. የሚባለው የቫክሲንያ ዘር ከ570 ጊዜ በላይ በዶሮ ፅንስ ሴሎች ውስጥ እየተላለፈ ሲያድግ፣ ከጂኑ አንድ ክፍሉን፣ ከሐሰተኛ ጆሮዎቹም አንዳንዶቹን አጣ። በሰው ሴሎች ውስጥ በደንብ መብዛት ስለማይችል ጉዳቱ ቀነሰ፤ ሰውነት ግን ገጹን አይቶ ይማርበታል። በዛሬው ጊዜ ኤምፖክስን ለመከላከል ከሚሰጡት ክትባቶች አንዱ ከእርሱ የተሠራ ነው። ሐሰተኛ ማኅተሙን የነጠቁት ሌባ ለዘበኞች ማሠልጠኛ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ በከብቶቻችን ቫይረስ ውስጥ የትኛው ጂን ቢነቀል ክትባቱ ሳይጎዳ ያስተምራል? ይህ ጥያቄ ለሌላ አገር ሊቅ ብቻ የሚተው አይደለም።

፭. እንግዲህ ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ መምህራን፤ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። በአንዱ በኩል በሽታው አለ፤ በሌላው በኩል የክትባቱ ማምረቻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አሉ። እኛ በመካከል ተቀምጠን ስለ ጥንቸልና ስለ አይጥ እናጠናለን። የጥንቸሉን ትምህርት አንንቅም፤ ዛሬ የተናገርነው ሁሉ ከእርሱ የተገኘ ነው። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከተማሪዎች ጥቂቶቹ እንኳ የገዛ አገራችንን የከብት ቫይረስና የሚያወጣቸውን ፕሮቲኖች እንዲያጠኑ ቢደረግ፣ ለትምህርቱም ለአገሩም የሚበጅ ይመስለናል።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፤ ከእናንተ የምንፈልገው ከዚህ የቀለለ ነው። ኅብረታችን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፈቃደኞችን መዝግቦ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ጋር በመስማማት፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ቢልክ ሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ዝንቡ ከመፍላቱ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ማስከተብ እንደሚገባ ለየቤቱ ያስረዳል። ሁለተኛ፣ የትኛው ላም መቼ እንደ ተከተበች፣ በኋላም ታመመች ወይም አልታመመች የሚል መዝገብ ይይዛል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ከሌለ ክትባቱ ሠራ ወይም አልሠራም የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም። ሦስተኛ፣ የታመመችውን ላም ወደ ገበያ ወይም ወደ ሌላ ሰፈር እንዳይነዷት ይመክራል። ለዚህ ሥራ የሥነ ሕይወት ተማሪ መሆን አያስፈልግም። የሕግ ተማሪም፣ የቋንቋ ተማሪም መዝገብ መያዝና ከእናቶች ጋር መነጋገር ይችላል፤ ምናልባትም ከእኛ የተሻለ ይችል ይሆናል።

ፈንጣጣን ከዲሞ መንደር ያስወጡት ሰዎች ስለ ሐሰተኛ ጆሮና ስለ ሐሰተኛ ማኅተም አንዳች አያውቁም ነበር፤ የተገኙት እነርሱ ከጨረሱ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በሽታውን መቅደም እንጂ መከተል ድል እንደማይሆን። እኛ ዛሬ ምክንያቱን በፕሮቲን ስም ጠርተን ማስረዳት እንችላለን። ምክንያቱን ማወቃችን ግን ከእነርሱ ያነሰ እንድንሠራ ሰበብ ሊሆነን አይገባም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለቫይረስም ለተማሪም ይሠራል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የምትቃወሙን ካላችሁ፣ ጊዜ አለንና ተነሡ። ለፈቃደኞች የሚሆን የስም መጻፊያ ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።